የውጭ ዜጎች የመሬት ባለቤትነት መብት በሜክሲኮና በአሜሪካ የዲፕሎማሲ ድርድር

የውጭ አገር ዜጎች በአንድ አገር ውስጥ መሬት በባለቤትነት ሊይዙ ይችላሉ ወይስ አይችሉም የሚለው ጥያቄ በየአገሩ የውስጥ ሕግ የሚወሰን ቢሆንም፣ የሁለት መንግሥታት የድርድር አጀንዳ የሆነባቸው ጊዜያት ጥቂት አይደሉም። ከእነዚህም መካከል በቆይታው ርዝመትም ሆነ ባስከተለው የሕግ ውጤት ጎልቶ የሚጠቀሰው፣ ከ1917 እስከ 1941 ድረስ በሜክሲኮና በዩናይትድ ስቴትስ መንግሥታት መካከል የተካሄደው ድርድር ነው። ድርድሩ አንዱ መንግሥት ለሌላው ዕውቅና እስከ መንፈግ ከመድረሱም በላይ፣ ዛሬም ድረስ የኢንቬስትመንት ውሎች የሚጠቅሱትን የካሳ መመዘኛ ያስገኘ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በተለይ ካልተገለጸ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሜክሲኮ ለውጭ ዜጎች መሬት በመስጠት ረገድ መራራ ልምድ ነበራት። ከስፔን ነፃ ከወጣች በኋላ ሰው አልባ ይባል በነበረው የሰሜኑ ግዛቷ በቴክሳስ አሜሪካውያን ሰፋሪዎች መሬት እየተሰጣቸው እንዲገቡ ፈቅዳ ነበር። የሰፋሪዎቹ ቁጥር ከአገሬው ሰው መብለጡን የተገነዘበው መንግሥት በ1830 ባወጣው ሕግ ፍልሰቱን ለማስቆም ቢሞክርም ጊዜው አልፎ ነበር። ቴክሳስ በ1836 ነፃነቷን አወጀች። ከ1846 እስከ 1848 በተካሄደው ጦርነትም ሜክሲኮ ከጠቅላላ ግዛቷ ግማሽ የሚያህለውን ለዩናይትድ ስቴትስ ለመልቀቅ ተገደደች። በዚህ ምክንያት በሜክሲኮ ሕግ ውስጥ የውጭ ዜጎች በድንበርና በባሕር ዳርቻ አካባቢ መሬት እንዳይይዙ የሚከለክል ድንጋጌ ከአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ ቆይቷል።

ይሁንና ከ1876 ጀምሮ፣ መሐል ላይ ከነበሩት አራት ዓመታት በስተቀር እስከ 1911 ድረስ አገሪቱን የመሩት ፖርፊሪዮ ዲያዝ በሩን መልሰው ወለል አድርገው ከፈቱት። በ1883 የወጣው ሕግ ባለቤት አልባ መሬቶችን ለሚቀይሱ ኩባንያዎች የቀየሱትን መሬት አንድ ሦስተኛ በክፍያ መልክ የሚሰጥ ነበር። ሰነድ የሌላቸው ገበሬዎች ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ሲያርሱት የኖሩት መሬት በወረቀት ላይ ባለቤት አልባ ሆኖ ተገኘ። በ1884 የወጣው የማዕድን ሕግም ቀድሞ የመንግሥት ተደርጎ ይቆጠር የነበረውን የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ዘይት ሀብት ለመሬቱ ባለቤት አሳልፎ ሰጠ። በዚህ ዘመን የሄርስት ቤተሰብ በቺዋዋ ግዛት በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ሄክታር የሚለካ የከብት እርባታ ሲይዝ፣ በሎስ አንጀለስ ባለሀብቶች የተቋቋመው የኮሎራዶ ወንዝ የመሬት ኩባንያ ደግሞ የሜክሲካሊን ሸለቆ አብዛኛውን ክፍል ጠቅልሎ ያዘ።

በ1910 የፈነዳው አብዮት ዋነኛ ጥያቄ መሬት ነበር። አብዮቱ ያስገኘው ሕገ መንግሥትም ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1917 በኬሬታሮ ከተማ ሲታወጅ፣ አንቀጽ 27 በአገሪቱ ክልል ውስጥ የሚገኝ መሬትና ውኃ ከመሠረቱ የብሔሩ ንብረት መሆኑን፣ የግል ባለቤትነትም ከብሔሩ የሚመነጭ መብት መሆኑን ደነገገ። የከርሰ ምድር ሀብት ወደ ብሔሩ ተመለሰ። ከድንበር 100 ኪሎ ሜትር፣ ከባሕር ዳርቻ ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ውስጥ ማንኛውም የውጭ ዜጋ በመሬት ላይ ቀጥተኛ ባለቤትነት ሊኖረው እንደማይችል ተደነገገ። ከዚህ ቀጠና ውጭ ግን የውጭ ዜጋ መሬት ሊይዝ የሚችለው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ፊት ቀርቦ፣ ንብረቱን በሚመለከት እንደ ሜክሲኳዊ ሊቆጠር፣ የመንግሥቱንም ከለላ ላይጠይቅ ተስማምቶ ሲፈርም ነው፤ ቃሉን ካፈረሰ ንብረቱ ለብሔሩ ገቢ ይሆናል።

በአንቀጹ ውስጥ የሕግ ባለሙያዎች በተለይ ያተኮሩበት አንድ ቃል ነበር። የ1857ቱ ሕገ መንግሥት መንግሥት የግል ንብረት የሚወስደው «አስቀድሞ በሚከፈል ካሳ» ነው ይል ነበር። የ1917ቱ «በካሳ» ብቻ አለ። «አስቀድሞ» የሚለው ቃል መውጣቱ መንግሥት መሬቱን ዛሬ ወስዶ ካሳውን ነገ ወይም ከዓመታት በኋላ ሊከፍል የሚችልበትን መንገድ ከፈተ። የካሳው መጠንም ባለቤቱ ለግብር ሲል ባስመዘገበው ዋጋ ላይ 10 በመቶ ተጨምሮ እንዲታሰብ ተደረገ። ለዓመታት ግብር ለመቀነስ ሲሉ የመሬታቸውን ዋጋ ዝቅ አድርገው ሲያስመዘግቡ የኖሩ ባለርስቶች፣ ካሳ በሚጠየቅበት ጊዜ በገዛ ፊርማቸው ተያዙ። የሜክሲኮ ተደራዳሪዎችም ይህንኑ ነጥብ በየጊዜው ማንሳታቸው አልቀረም።

የውጭ ዜጋው የመንግሥቱን ከለላ እንዳይጠይቅ የሚያስገድደው ድንጋጌ «የካልቮ አንቀጽ» በመባል ይታወቃል። መጠሪያውን ያገኘው ከአርጀንቲናዊው የሕግ ሊቅና ዲፕሎማት ከካርሎስ ካልቮ ነው። ካልቮ በ1868 ባሳተሙት የዓለም አቀፍ ሕግ ጥናት፣ የውጭ ዜጋ ከአገሬው ዜጋ የበለጠ መብት ሊኖረው እንደማይገባ፣ ክርክሩንም በአገሩ ፍርድ ቤት ከመጨረስ አልፎ የጦር መርከብ ሊያስጠራ እንደማይችል አስተምረዋል። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት የአውሮፓ መንግሥታት የዜጎቻቸውን ዕዳ ለማስከፈል መርከብ ይልኩ እንደነበር ሲታሰብ፣ ሐሳቡ በላቲን አሜሪካ ያገኘው ተቀባይነት አያስገርምም። ዋሽንግተን ግን ዜጋን የመከላከል መብት የመንግሥት እንጂ የግለሰብ ባለመሆኑ፣ ግለሰቡ ፈርሞ ሊተወው አይችልም የሚል አቋም ነበራት።

ፕሬዚዳንት ቬኑስቲያኖ ካራንዛ በሜይ 1920 ከተገደሉ በኋላ በዓመቱ መጨረሻ ሥልጣን የያዙትን ጄኔራል አልቫሮ ኦብሬጎንን ዩናይትድ ስቴትስ ለማወቅ ፈቃደኛ አልሆነችም። በሜክሲኮ ጉዳይ ላይ የተቋቋመውን የሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ይመሩ የነበሩት ሴናተር አልበርት ፎል፣ አሜሪካውያን ከአንቀጽ 27 ነፃ ካልተደረጉ ዕውቅና ሊሰጥ አይገባም የሚል ጽኑ አቋም ነበራቸው። (እኒሁ ባለሥልጣን ቆየት ብሎ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ የመንግሥትን የነዳጅ ይዞታ በጉቦ ለኩባንያዎች በማከራየታቸው በ1929 ጥፋተኛ ተብለዋል።) የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝ በሜይ 1921 የወዳጅነትና የንግድ ውል ረቂቅ ወደ ሜክሲኮ ላኩ። ረቂቁ የ1917ቱ ሕገ መንግሥት ከመታወጁ በፊት የተገኙ የአሜሪካውያን መብቶች እንዳይነኩ ዋስትና የሚጠይቅ ነበር። ኦብሬጎን ውሉን ቢፈርሙ ዕውቅናን በውል የገዙ ያስመስላቸው ስለነበር፣ ዕውቅናው ይቅደም፣ ውሉ ከዚያ በኋላ በእኩልነት ይፈረማል ሲሉ መለሱ። በዚህ የቅደም ተከተል ጥያቄ ብቻ ሁለት ዓመት አለፈ።

መውጫውን በከፊል ያመቻቸው የሜክሲኮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤቱ በኦገስት 1921 የቴክሳስ ኩባንያን አስመልክቶ በሰጠው ውሳኔ፣ ከ1917 በፊት በመሬታቸው ላይ ነዳጅ ለማውጣት ተጨባጭ ሥራ የጀመሩ ባለቤቶች መብታቸው እንደማይነካ፣ ሕገ መንግሥቱም በእነርሱ ላይ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደማይሠራ በየነ። ኦብሬጎን ለውጭ መንግሥት ቃል መግባት ሳያስፈልጋቸው፣ የአገራቸውን ፍርድ ቤት ውሳኔ ብቻ እያመለከቱ የሚነጋገሩበት መሠረት አገኙ።

የሁለቱ አገሮች ልዑካን ከሜይ እስከ ኦገስት 1923 ድረስ በሜክሲኮ ከተማ በቡካሬሊ ጎዳና በሚገኝ አንድ ሕንፃ ተሰብስበው ተነጋገሩ። አሜሪካን ቻርልስ ቢቸር ዋረንና ጆን ባርተን ፔይን፣ ሜክሲኮን ራሞን ሮስና ፈርናንዶ ጎንዛሌዝ ሮአ ወክለው ነበር። ጎንዛሌዝ ሮአ የመሬት ጥያቄን በጥልቀት ያጠኑ የሕግ ባለሙያ ሲሆኑ፣ ሮስ ደግሞ የኦብሬጎን የቅርብ ወዳጅ ነበሩ።

በመሬት ጉዳይ የነበረው ልዩነት የሚከተለው ነበር። የሜክሲኮ መንግሥት ለገበሬ ማኅበረሰቦች በጋራ ይዞታነት ለሚሰጠው መሬት፣ «ኤሂዶ» ለሚባለው፣ ከትላልቅ ባለርስቶች የሚወስደውን መሬት በጥሬ ገንዘብ ለመክፈል አቅም አልነበረውም። በእጁ የነበረው በ20 ዓመት የሚመለስ፣ 5 በመቶ ወለድ የሚከፈልበት የመሬት ቦንድ ነበር። የአሜሪካ ልዑካን ቦንድ ካሳ ሊባል አይችልም፣ ካሳ የሚባለው በወቅቱ በጥሬ ገንዘብ የተከፈለ ተመጣጣኝ ዋጋ ነው ሲሉ ተከራከሩ። የሜክሲኮ ልዑካን በበኩላቸው የመሬት ጥያቄ የአገሪቱ ሰላም መሠረት መሆኑን፣ ገበሬው ካሳው በጥሬ ገንዘብ እስኪሟላ ድረስ እንዲጠብቅ ቢነገረው ወደ ጦርነት እንደሚመለስ አስረዱ።

የተደረሰበት መግባባት በቁጥር የተገለጸ ነው። ለኤሂዶ የሚወሰድ መሬት ከ1,755 ሄክታር ያልበለጠ ሲሆን አሜሪካዊው ባለቤት ካሳውን በቦንድ እንዲቀበል፣ ከዚህ በላይ ለሚወሰደው ግን ሜክሲኮ በጥሬ ገንዘብ እንድትከፍል ተስማሙ። 1,755 ሄክታር በስፔን ዘመን በነበረው መለኪያ አንድ ካሬ ሊግ ነው። የአሜሪካ ልዑካን ይህን ሲቀበሉ ሁለት ነገሮችን አስመዘገቡ፤ አንደኛው መግባባቱ ለሌላ ጉዳይ እንደ አብነት የማይጠቀስ መሆኑን፣ ሁለተኛው ቅር የተሰኘ ዜጋ ጉዳዩን ለጋራ የይገባኛል ኮሚሽን የማቅረብ መብቱ የተጠበቀ መሆኑን ነው።

የመግባባቱ መልክ ራሱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በመሬትና በነዳጅ ላይ የተባለው ሁሉ የተጻፈው በውል ሰነድ ሳይሆን በልዑካኑ ቃለ ጉባኤ ላይ ነበር። ቃለ ጉባኤ በሴኔት አይጸድቅም፤ ኦብሬጎን ውል አልፈረምኩም ለማለት ቻሉ፣ ሂዩዝም የሜክሲኮ መንግሥት ቃል በጽሑፍ ይዣለሁ ለማለት ቻሉ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። የዕውቅናው መግለጫ ኦገስት 31 ቀን 1923 ከወጣ በኋላ፣ በሴፕቴምበር ወር ሁለት የይገባኛል ኮንቬንሽኖች በውል መልክ ተፈረሙ፤ አንደኛው በአብዮቱ ዘመን ለደረሰ ጉዳት፣ ሌላኛው ከ1868 ወዲህ ለተነሡ ጠቅላላ ይገባኛሎች ነበር። ይህ ቅደም ተከተል ኦብሬጎን በ1921 የጠየቁት ነበር።

ኮንቬንሽኖቹ ግን በሜክሲኮ ሴኔት በቀላሉ አላለፉም። በዲሴምበር 1923 የቀድሞው የገንዘብ ሚኒስትር አዶልፎ ደ ላ ዌርታ በመንግሥቱ ላይ ሲነሡ የቡካሬሊን ስምምነት የአገር ሽያጭ አድርገው ከሰሱ። ውሉን አጥብቀው ሲቃወሙ የነበሩት የካምፔቼ ሴናተር ፍራንሲስኮ ፊልድ ሁራዶ በጃንዩዋሪ 1924 በመዲናዋ መንገድ ላይ ተገደሉ። ኮንቬንሽኖቹ በዚህ ድባብ ጸደቁ። ዩናይትድ ስቴትስም ዕውቅና ለሰጠችው መንግሥት ዐመፁን ለማፈን የሚያስችል መሣሪያ ሸጠች። በሜክሲኮ ሕዝብ ዘንድ የቡካሬሊ ስምምነት አገሪቱ ሞተርና አውሮፕላን እንዳታመርት የሚከለክል ምስጢራዊ ክፍል ነበረው የሚል ወሬ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሲነገር ኖሯል። በቃለ ጉባኤዎቹ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም።

በዲሴምበር 1924 ሥልጣን የያዙት ፕሬዚዳንት ፕሉታርኮ ኤሊያስ ካዬስ የኦብሬጎን ቃለ ጉባኤ እርሳቸውን እንደማያስር ተናገሩ። የመግባባቱ ደካማ ጎን ይኸው ነበር። በጁን 1925 የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፍራንክ ኬሎግ ሜክሲኮ በዓለም ፊት ለፍርድ ቀርባለች የሚል መግለጫ ሲሰጡ፣ ካዬስ አገራቸው ማንም የውጭ መንግሥት እንዲፈርዳት እንደማትፈቅድ መለሱ። በጃንዩዋሪ 1926 በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው የውጭ ዜጎች የመሬት ሕግ አንቀጽ 27ን ሥራ ላይ አዋለ። በሕጉ መሠረት የእርሻ መሬት የያዙ ኩባንያዎች ውስጥ የውጭ ዜጎች ድርሻ ግማሽና ከዚያ በላይ ሊሆን አይችልም። ቀድሞ የያዘ ግለሰብ እስከ ዕለተ ሞቱ ይዞ እንዲቆይ፣ ኩባንያ ከሆነ በ10 ዓመት፣ ወራሽ ከሆነ በ5 ዓመት ትርፍ ድርሻውን እንዲሸጥ ተወሰነ። ከዚህ ጋር የወጣው የነዳጅ ሕግ የቀድሞ ባለቤትነትን ወደ 50 ዓመት ፈቃድ የሚለውጥ ስለነበር፣ የዋሽንግተን ቁጣ በአመዛኙ በእርሱ ላይ አረፈ።

በ1927 መጀመሪያ ጉዳዩ ወደ ጦርነት ያመራል የሚል ስጋት ነበር። ኬሎግ በሜክሲኮ የቦልሼቪክ ዓላማ አለ የሚል ሰነድ ለሴኔቱ ኮሚቴ አቀረቡ። ሴኔቱ ግን በዚያው ጃንዩዋሪ ክርክሩ በግልግል ዳኝነት እንዲፈታ 79 ለ0 በሆነ ድምፅ ወሰነ። ፕሬዚዳንት ኩሊጅም የኮሌጅ ባልንጀራቸውን፣ የሞርጋን ባንክ ባለድርሻ የነበሩትን ድዋይት ሞሮውን አምባሳደር አድርገው ላኩ። ሞሮው በኦክቶበር 1927 ደርሰው ከካዬስ ጋር ቁርስ እየበሉ ይነጋገሩ ጀመር። የማስጠንቀቂያ ማስታወሻ መጻፍ ተዉ። ክርክሩ በሜክሲኮ ፍርድ ቤት ሊፈታ እንደሚችል ለካዬስ ጠቆሙ። ኖቬምበር 17 ቀን 1927 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የነዳጅ ሕጉን ሁለት አንቀጾች ሕገ መንግሥቱን የሚቃረኑ ናቸው ሲል ወሰነ፤ ሕጉም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሻሻለ። ለዓመታት በማስታወሻ ልውውጥ ያልተገኘው ውጤት ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ተገኘ። በመሬት ረገድ ግን ሞሮው መንግሥት ሊከፍል ከሚችለው በላይ መሬት እንዳይወስድ ከመምከርና የግለሰቦችን አቤቱታ በየተራ ከማስጨረስ ያለፈ አጠቃላይ ስምምነት አላገኙም።

በዚህ መካከል የካልቮ አንቀጽ ጥያቄ በሌላ መድረክ መልስ አግኝቶ ነበር። በሳሊና ክሩዝ ወደብ የጠረጋ ሥራ የተዋዋለ አንድ የአሜሪካ ድርጅት ያቀረበውን ክስ የመረመረው የሁለቱ አገሮች ጠቅላላ የይገባኛል ኮሚሽን፣ በማርች 1926 በሰጠው ውሳኔ የውጭ ዜጋው በውሉ ጉዳይ የአገሩን ፍርድ ቤት ትቶ ወደ መንግሥቱ ላለመሮጥ የገባው ቃል እንደሚጸና፣ ይሁንና ፍትሕ ሲነፈግ መንግሥቱ በራሱ ስም ጣልቃ የመግባት መብቱን ግለሰቡ ሊሽረው እንደማይችል ወሰነ። ሁለቱም ወገኖች አሸነፍን ያሉበት ይህ ውሳኔ በዓለም አቀፍ ሕግ ትምህርት ዛሬም መነሻ ሆኖ ይጠቀሳል።

ከ1934 እስከ 1940 አገሪቱን የመሩት ፕሬዚዳንት ላዛሮ ካርዴናስ የመሬት ሥሪቱን ከቀደሙት ሁሉ በተለየ ፍጥነት ለወጡት። በስድስት ዓመት ውስጥ 18 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ለገበሬዎች ተከፋፈለ፤ ከእርሳቸው በፊት የነበሩት መንግሥታት ሁሉ በአንድነት ካከፋፈሉት የበለጠ ነው። የሜክሲካሊ ሸለቆም በ1937 በገበሬዎች ተያዘና ወደ ኤሂዶ ተለወጠ። ይኸው መንግሥት በዓለም መንግሥታት ማኅበር በኢትዮጵያ ላይ የተፈጸመውን የፋሺስት ወረራ በማውገዝና የኃይል ይዞታን አላውቅም በማለት ጸንቶ የቆመ መሆኑ ይታወሳል። በአዲስ አበባ ሜክሲኮ የሚባለው አደባባይና በሜክሲኮ ከተማ በኢትዮጵያ ስም የተሰየመው አደባባይ የዚያ ዘመን መታሰቢያዎች ናቸው።

ማርች 18 ቀን 1938 ካርዴናስ የነዳጅ ኩባንያዎችን ሲወርሱ የመሬቱ ክርክርም አብሮ ተቀሰቀሰ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮርዴል ሃል በዚያው ወር የላኩትን ኃይለኛ ማስታወሻ፣ በሜክሲኮ የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት ጆሴፈስ ዳንኤልስ ከሜክሲኮው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከኤድዋርዶ ሃይ ጋር ተነጋግረው እንዳልደረሰ እንዲቆጠር አደረጉ። ዳንኤልስ በ1914 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ቬራክሩዝን ሲይዝ የባሕር ኃይል ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው። ሃል ግን በመሬቱ ጉዳይ ጸኑ። በጁላይ 21 ቀን ማስታወሻቸው፣ ከ1927 ወዲህ የተወሰደው የአሜሪካውያን መሬት ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚገመት ሆኖ ሳለ ካሳ እንዳልተከፈለበት፣ ያለ ካሳ መውሰድም ለሕዝብ ጥቅም ማስለቀቅ ሳይሆን ወረራ መሆኑን ገለጹ፤ ጉዳዩም ለግልግል ዳኝነት እንዲቀርብ ጠየቁ።

ሃይ በኦገስት 3 በሰጡት መልስ፣ የመሬት ሥሪትን ለመለወጥ ሲባል በሁሉም ላይ በእኩል ለሚፈጸም አጠቃላይ እርምጃ ወዲያውኑ ካሳ እንዲከፈል የሚያስገድድ፣ ሁሉም አገሮች የተቀበሉት የዓለም አቀፍ ሕግ ደንብ አለመኖሩን አስታወቁ። ሜክሲኮ ካሳ የመክፈል ግዴታዋን በራሷ ሕግ እንደምትቀበል፣ ጊዜውንና አከፋፈሉን ግን አቅሟ እንደሚወስነው ገለጹ። መሬታቸው ከተወሰደው ባለርስቶች መካከል ሜክሲኳውያን ስለሚገኙ ለአሜሪካውያን ብቻ ቀድሞ መክፈል አድልዎ እንደሚሆንም ተከራከሩ። በ1933 በሞንቴቪዴዎ በተፈረመው ኮንቬንሽን አንቀጽ 9 የውጭ ዜጎች ከአገሬው ዜጎች የበለጠ መብት ሊጠይቁ እንደማይችሉ መደንገጉ ለዚህ ክርክር ድጋፍ ነበር። ሃል በኦገስት 22 ሲመልሱ እኩልነት የሚሠራው መብትን በማክበር እንጂ ሁሉንም በእኩል በመንፈግ አለመሆኑን ገልጸው፣ ካሳ ፈጣን፣ በቂና ውጤታማ መሆን አለበት አሉ። እነዚህ ሦስት ቃላት «የሃል ቀመር» የሚል ስም አግኝተው ቀሩ።

በመርሕ የተራራቁት ሁለቱ መንግሥታት በገንዘቡ ላይ ለመስማማት ብዙ ጊዜ አልወሰደባቸውም። በኖቬምበር 1938 በተደረገ የማስታወሻ ልውውጥ ከሁለቱም ወገን የተወከሉ ገማቾች የመሬቶቹን ዋጋ እንዲወስኑ፣ ሜክሲኮም ከሜይ 1939 ጀምሮ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር ያላነሰ እንድትከፍል ተስማሙ። ሁለቱም አቋማቸውን አልተዉም፤ ክፍያውም ለማንኛውም መርሕ እንደ አብነት እንዳይወሰድ ተጻፈ። የመጨረሻው ስምምነት ኖቬምበር 19 ቀን 1941፣ ጃፓን ፐርል ሃርበርን ከመደብደቧ ከ18 ቀናት በፊት ተፈረመ። ሜክሲኮ የመሬቱንና ያልተፈቱ ሌሎች ይገባኛሎችን ጠቅልላ 40 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች፤ አስቀድማ የከፈለችው 3 ሚሊዮን ተይዞላት፣ ስምምነቱ ሲጸድቅ 3 ሚሊዮን፣ ቀሪውን በየዓመቱ 2.5 ሚሊዮን ዶላር እየከፈለች ዕዳዋን በ1955 ጨረሰች። ጦርነቱ ሲቃረብ ዋሽንግተን ከቀመር ይልቅ ጎረቤት እንዳስፈለጋት ግልጽ ነው።

ቀመሩ ግን ከድርድሩ በኋላ የራሱን ጉዞ ቀጠለ። ወደ ኢትዮጵያም ደርሷል። ኢትዮጵያና ዩናይትድ ስቴትስ በ1951 በአዲስ አበባ የተፈራረሙት የወዳጅነትና የኢኮኖሚ ግንኙነት ውል የአንዱ ዜጋ ንብረት በሌላው አገር ሲወሰድ ፈጣን የሆነ ትክክለኛና ውጤታማ ካሳ እንዲከፈል ይደነግጋል። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ድርጅቶችን ሲወርስ ድርሻው የተወሰደበት አንድ የአሜሪካ የቅመማ ቅመም ኩባንያ ያቀረበውን ክርክር የተመለከተ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ በ1984 ይህን አንቀጽ ፍርድ ቤት ሊተረጉመው የሚችል መመዘኛ አድርጎ ተቀብሎታል። ክርክሩ መሬትን ሳይሆን የአክሲዮን ድርሻን የሚመለከት ቢሆንም፣ በ1951 የተፈረመ አንድ ዐረፍተ ነገር ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ የሚነሣ መሆኑን አሳይቷል። በዲሴምበር 1985 የሁለቱ አገሮች መንግሥታት የአሜሪካውያንን ይገባኛል በ7 ሚሊዮን ዶላር ጠቅላላ ካሳ ለመዝጋት ተስማምተዋል። የአከፋፈሉ ሥልት ሜክሲኮ በ1941 የተጠቀመችበት፣ መርሑን ትቶ በጠቅላላ ድምር የመስማማት ሥልት ነው።

በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ደግሞ ክርክሩ በተቃራኒ አቅጣጫ ሄደ። በ1962 የወጣው ውሳኔ ቁጥር 1803 የሃልን ሦስት ቃላት ትቶ «ተገቢ ካሳ» አለ። በ1974 በሜክሲኮው ፕሬዚዳንት ሉዊስ ኤቼቬሪያ አነሣሽነት የቀረበው የመንግሥታት የኢኮኖሚ መብቶችና ግዴታዎች ቻርተር ካሳን በወራሹ አገር ሕግ የሚዳኝ አድርጎ፣ በ120 ድጋፍ፣ በ6 ተቃውሞና በ10 ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ። ሃያ ዓመት ሳይሞላ ግን ራሷ ሜክሲኮ በ1994 ሥራ ላይ በዋለው የሰሜን አሜሪካ ነፃ የንግድ ስምምነት፣ ካሳ ሳይዘገይ፣ በገበያ ዋጋና ወደ ውጭ ሊላክ በሚችል ገንዘብ እንዲከፈል ተቀበለች። ኤድዋርዶ ሃይ በ1938 ያልተቀበሉት ማለት ይህንኑ ነበር።

በዚሁ ስምምነት ሜክሲኮ ያልለቀቀችው የድንበሩንና የባሕር ዳርቻውን ቀጠና ነው። የቱሪዝም ገቢ ስትፈልግ መንገዱን ያገኘችው በአደራ ውል ነበር። በ1971 በወጣ ድንጋጌ የሜክሲኮ ባንክ በቀጠናው ያለውን መሬት በስሙ ይዞ፣ የውጭ ዜጋው ደግሞ የመጠቀም፣ የማከራየትና መብቱን የማስተላለፍ ተጠቃሚነት እንዲያገኝ ተፈቀደ። በ1973ቱ ሕግ የአደራው ዘመን 30 ዓመት ነበር፤ በ1993ቱ የውጭ ኢንቬስትመንት ሕግ ወደ 50 ዓመት ከፍ ብሎ ሊታደስ የሚችል ሆነ። በካንኩንና በሎስ ካቦስ የባሕር ዳርቻ ቤት የገዛ የውጭ ዜጋ ሰነዱን ቢመረምር የመሬቱ ባለቤት ሆኖ የሚያገኘው ባንኩን ነው። አሠራሩ የመጠቀም መብትን ከመሬት ባለቤትነት የሚለይ ነው፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን በሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 40 የደነገገችው ኢትዮጵያም በ2017 ዓ.ም. የውጭ ዜጎች የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚያፈሩበትን አዋጅ ስታጸድቅ የመሬቱን ባለቤትነት ሳትነካ ነው።

በ2013 የሜክሲኮ የተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ዜጎች በቀጠናው ለመኖሪያ ቤት ብቻ የሚውል መሬት በቀጥታ እንዲይዙ የሚፈቅድ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በሰፊ ድምፅ አጽድቆ ወደ ሴኔት ላከ። ማሻሻያው በሴኔቱ ሳይጸድቅ ቀረ፤ 100ና 50 ኪሎ ሜትሩ በ1917 በተጻፈበት መልክ በአንቀጽ 27 ውስጥ ይገኛል።